ብስክሌቷ እስክትመጣ
(በቀድሞ ተማሪዎች የግንኙነት ምሽት ፒያሳ ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ «ከምረቃ በኋላ» የሚል ነበር። ይቅርታ እየጠየቅሁ ስለ ብስክሌት ልናገር ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም፤ ባለቤቴም ስቃለች።

ውጭ አገር የሚኖር አንድ የክፍላችን ልጅ የኤሌክትሪክ የተራራ ብስክሌት ገዝቶልኛል። ስሙን እንዳልጠራ አስምሎኛል፤ ነገ ሁላችሁም እንዳትደውሉለት ነው መሰለኝ። ዓይነቷን ኢንዱሮ ይሏታል። ኢንዱሮ ማለት ዳገቱን እንደምንም ትወጣላችሁ፣ ሰዓት የሚያዝባችሁ ቁልቁለቱ ላይ ነው። አሞርዛተሯ 160 ሚሊሜትር ይታጠፋል። ድንጋይ ስትመታ ጎማዋ ስንዝር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ያህል ወደ ላይ ትነሣለች፣ ወገባችሁ ግን ባለበት ይቆያል። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው ለናንተ አላስረዳም።

ሞተር ሳይክል አይደለችም። ካልረገጣችሁ አትሄድም፤ ስትረግጡ ሞተሯ ያግዛችኋል፣ በአውሮፓ ሕግ ደግሞ በሰዓት 25 ኪሎሜትር ላይ እገዛው ይቋረጣል። በቅርብ ዓመታት ግን ሞተሮቹ በጣም ጎልብተዋል። ድሮን በመሥራት የምናውቀው ዲጄአይ በ2016 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ፍራንክፈርት በተካሄደ የብስክሌት ዐውደ ርእይ አቪኖክስ የሚባል ሞተር ይዞ ቀረበ። ክብደቱ ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ ሆኖ የመጠምዘዝ ጉልበቱ 105 ኒውተን ሜትር ነው። ነባሩ ቦሽ በዚያን ጊዜ 85 ላይ ነበር።

እኔ የማውቃት ብስክሌት ሌላ ናት። ተማሪ ሳለን እዚሁ ፒያሳ በሰዓት የምትከራየዋን ታስታውሳላችሁ? አንድ ቅዳሜ ተከራይቼ ወደ አዘዞ ወረድኩ። ፍሬኗ አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም የሚይዘው ሲፈልግ ነው። መውረዱን ወረድኩ፤ ጉዱ መመለሱ ላይ ነው። በፀሐይ እየገፋሁ ፒያሳ ስደርስ የኪራዩ ሰዓት ሦስት እጥፍ ሆኖ ጠበቀኝ። የዚያን ወር የሻይ ሳንቲም እዚያው ቀረ።

ብስክሌቷን የፈለግሁት ግን ለአዘዞ መንገድ አይደለም። በቲቲፒ ጊዜ ከከተማችን በስተሰሜን ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ተመድበን ነበር። አንድ ሌሊት ከቆላው ሁለት ሰዎች መጡ። ሴት ምጥ ላይ ናት፣ ሁለተኛ ቀኗ ነው አሉ። መኪና የለም፤ ቢኖርም መንገድ የለም። እኔና አንዲት ተማሪ ባትሪ መብራት ይዘን በእግር ወረድን፣ አራት ሰዓት ተኩል ፈጀብን። ስንደርስ ሕፃኑ ሞቶ ነበር። እናትየዋን የአገሩ ሰዎች በቃሬዛ እየተፈራረቁ አወጧት፤ ተረፈች። ያቺ ተማሪ ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለች። ስለዚያ ሌሊት ተነጋግረን አናውቅም።

እውነቱን ልናገር። ብስክሌት እናት አትጭንም። ቃሬዛና የሰው ትከሻ የሚያደርጉትን አታደርግም። ማድረስ የምትችለው አንድ አዋላጅና አንድ ቦርሳ ነው፤ ጓንት፣ የደም ግፊት መለኪያ፣ በበረዶ ከረጢት የተያዘ ኦክሲቶሲን። አራት ሰዓት ተኩሉ ሁለት ሰዓት ቢሆን ያ ሕፃን ይተርፍ ነበር ወይ? አላውቅም። በሌሊት በዚያ ድንጋይ ላይ ብስክሌት መንዳት ጤነኛ ሐሳብ ነው ወይ የሚልም አለ። አንድ የአጥንት ሐኪም ጓደኛችን ከወዲሁ ቀጠሮ ይዞልኛል።

ሒሳቡን ግን ሠርቼዋለሁ። እኔ፣ ብስክሌቷና ቦርሳው አንድ ላይ 100 ኪሎ ነን እንበል። 100 ኪሎ አንድ ሺህ ሜትር ሽቅብ ለማውጣት በፊዚክስ ብቻ 272 ዋት ሰዓት ይጠይቃል። የሞተሩ ብክነትና የመንገዱ ሸካራነት ሲጨመር 400 ቢበላ አልደነቅም። ባትሪው 800 ነው። በእግሬ እያገዝኩ አንድ ጊዜ በደንብ ያወጣኛል፣ ለሁለተኛው እንጃ፣ መሞከር አለበት። ደግሞ የቤንዚን ሞተር በየአንድ ሺህ ሜትሩ አሥር በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል፤ የኤሌክትሪኩን ከፍታው አያደክመውም። የሚያደክመው እኔን ነው።

ወጪውን ለጠየቁኝ፦ የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። ስለዚህ አንድ ሙሉ ባትሪ የሩብ ሰዓት ጋገራ ነው። መብራት ካለ ማለቴ ነው።

ብዙ ሰው «ቁልቁለቱ ላይ ራሷን ትሞላለች አይደል?» ይለኛል። አትሞላም። ሞተሯ መሀል፣ ፔዳሉ ጋ ነው ያለው፤ መርገጥ ስታቆሙ ጎማዋ ለብቻዋ ትሽከረከራለች። ቁልቁለቱ የሚሰጣችሁ የጋለ ፍሬን ብቻ ነው። ሌላም ልጨምር፤ የሊቲየም ባትሪ በብርድ አቅሙ ይቀንሳል፣ ከዜሮ ዲግሪ በታች ባለ ቅዝቃዜም መሞላት የለበትም። ሰንቀበር ያደራችሁ ሌሊቱን ታውቁታላችሁ። እዚያ ባትሪው ከባለቤቱ ጋር ብርድ ልብስ ውስጥ ያድራል።

አሁን ያለንበት ደረጃ ይህ ነው፦ ብስክሌቷ በሳጥን ታሽጋ አዲስ አበባ ገብታለች፣ ባትሪዋ ግን የለም። መንገደኛ በአውሮፕላን ይዞ ሊገባ የሚችለው ትልቁ ባትሪ 160 ዋት ሰዓት ነው፣ ያውም አየር መንገዱ ሲፈቅድ። የእኛው አምስት እጥፍ ነው። በጭነት ብቻ፣ እንደ አደገኛ ዕቃ ተመዝግቦ ይላካል። እኛ በመርከብ በጅቡቲ በኩል አድርገነዋል። አጎቴ ነገሩን ሲሰሙ «ሙሽራዋ መጣች፣ ጥሎሿ ባሕር ላይ ነው በለኛ» አሉኝ።

በዚህ መሀል የሚያሳስበኝ ጥገናው ነው። በየጤና ጣቢያው ጓሮ በአንድ ዕቃ ጠፍቶ የቆመ ሞተር ሳይክል ያላየ ከመካከላችን የለም። ሣር ይበቅልበታል፣ ዶሮ ይፈለፈልበታል። የፒያሳ ብስክሌት ጠጋኞች ቸርኬ ማቅናት፣ ፍሬን ማሰር ያውቁበታል፤ ሞተሩ ከኮምፒውተር ጋር ተያይዞ ካልተመረመረ ሕመሙን የማይናገር ከሆነ ግን ምን ያድርጉ? የቴክኖሎጂ መምህራን እዚህ አላችሁ። ሳጥኗ ስትከፈት ተማሪዎቻችሁን ይዛችሁ ኑ። ፈትታችሁ ግጠሟት፣ ሳላያችሁ ቢሆን ይሻላል።

ዩኒቨርሲቲያችን እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ደባት ላይ የሥነ ሕዝብና የጤና ክትትል ጣቢያ አለው። መረጃ ሰብሳቢዎቹ ከደጋ እስከ ቆላ ቤት ለቤት እየዞሩ ልደት፣ ሞትና ፍልሰት ይመዘግባሉ። የኔ ሐሳብ መንገዱ ሰላም ሲሆን እነሱ በእግራቸው የሚሄዱበትን መንገድ በብስክሌቷ ሄጄ ሰዓቱን፣ ከፍታውንና የባትሪውን ፍጆታ መመዝገብ ነው። የተበሳ ጎማና የወደቅሁበት ቦታም ይመዘገባል። መሸከም ግድ የሆነበት ስፍራ ሁሉ ይጻፋል፤ 24 ኪሎ ብረት በትከሻ አቀበት መውጣት ከእግር ጉዞ የባሰ ከሆነ እንደዚያው ብዬ እጽፋለሁ። ለጣቢያው ኃላፊዎች ገና አልነገርኳቸውም። እዚህ ተቀምጣችሁ ከሆነ አሁን ሰማችሁ።

ባትሪው ሲደርስ የመጀመሪያው ጉዞ ከቴዎድሮስ ሐውልት ተነሥቶ አዘዞ ደርሶ መልስ ነው። ያ አቀበት የሠላሳ ዓመት ቂም አለብኝ። ለ29 ኢንች ጎማ የሚሆን የውስጥ ጎማ ከውጭ ስትመጡ ሻንጣችሁ ውስጥ ጣል ብታደርጉልኝ አልጠላም፤ ስልኬ አዘጋጆቹ ዘንድ አለ።