ደንጊያ የሆነ ወገብ
(በአርሲ፥ በዴራ ከተማ ለጤና ሙያ ተመራቂዎች የተደረገ ንግግር)



እያንዳንዱን የክብር እንግዳ በየማዕርጉ እየጠሩ እጅ መንሣት የተገባ መሆኑን ባውቅም፥ የዴራ ፀሐይ በጥቁሩ ካባችሁ ላይ የምትሠራውን ሥራ ከመድረኩ ጥላ ሥር ተቀምጬ ስመለከት፥ ሥርዐቱን በዚህች በአንዲት ዐረፍተ ነገር ፈጽሜ ወደ ጉዳዬ ብገባ የምትቀየሙኝ አይመስለኝም። የጥሪው ወረቀት ስለ ሙያ ፍቅርና ስለ አገር አደራ እንድናገር ያዝዛል። ስለ ሁለቱም ከእኔ ይልቅ አሳምረው የሚናገሩ ብዙ ሰዎች አሉ፤ ዕድሜውን በጤና መኮንንነት የፈጀ ሽማግሌ ግን በመጨረሻው ጊዜ የሚቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለእኔም የቀረኝ የማይለቅ ሕመም ነገር ነው። ሊቃውንቱ ከሦስት ወር በላይ የቆየውን ወይም እየሄደ የሚመለሰውን ሥር የሰደደ ሕመም ይሉታል፤ እናቶቻችን ደግሞ «አመል ሆነብኝ» ይላሉ።

በ1974 ዓ.ም.፥ ከጎንደር ተመርቄ ጥቂት ዓመት እንደ ሠራሁ፥ ከዚህ ብዙ በማይርቅ አንድ የቆላ ጤና ጣቢያ ተመድቤ ነበር። በቀን ሰማንያ ሰው የማይ፥ በካርድ ላይ በእንግሊዝኛ መጻፍን የዕውቀት ማኅተም አድርጌ የምቈጥር፥ ነጭ ጋዋኔን በየማለዳው የማስተኵስ ወጣት ነበርሁ። ከዕለታት በአንዱ ቀን፥ በአዋሽ ዳር በአንድ እርሻ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሲሠሩ ኖረው ወደ ዘመዶቻቸው የተመለሱ፥ ዕድሜያቸው ከአምሳ እምብዛም የማይበልጥ ሰው ገቡ፤ ስማቸውን ስጠራ አንገታቸው አልዞር ስላላቸው፥ መላ አካላታቸውን እንደ በር መዝጊያ አዙረው ተመለከቱኝ። ይህ ብቻ እንኳ ለአስተዋይ ሰው በበቃ ነበር።

«ምንዎን ያመዎታል፥ አባባ?» አልኋቸው።

«ሕመምስ አይደለም፤ ወገቤ ደንጊያ ሆነ።»

«ወገብዎን ያመዎታል ማለት ነው» ብዬ አረምኋቸው።

ጥቂት አሰቡና «እንግዲህ አንተ ካልህ ይሁን፥ ልጄ» አሉ።

እኔም የወገብ ሕመም የሚሉትን ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ጽፌ፥ አስፒሪን ሰጥቼ አሰናበትኋቸው። በስድስተኛው ወር ተመለሱ፤ ያው ደንጊያ ነው፤ ክኒኑን አበዛሁላቸው። በሁለተኛው ዓመት በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው መጡና «እግሬም የሌላ ሰው እግር ሆነብኝ» ሲሉኝ፥ የቫይታሚን መርፌ አዘዝሁ። ልጆቼ፥ ሳቁ፤ ይህ የሚያስቅ ነው። ሦስት ጊዜ ተናግረው ሦስት ጊዜ አልሰማኋቸውም። ካርዱን ዛሬ ባገኘው ከእጄ ጽሕፈት በቀር የእርሳቸው አንዲት ቃል እንኳ አይገኝበትም።

እ.ኤ.አ. በ1987 ነው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የነርቭ ሐኪም ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልንጀሮቻቸው በስምጥ ሸለቆው ስላለው የፍሎራይድ ደዌ ያጠኑትን ያሳተሙት። ነገሩ እንዲህ ነው። የሸለቆው ደንጊያ ከእሳተ ገሞራ የወጣ በመሆኑ፥ በውስጡ ሲጓዝ የኖረው የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ የሚባለውን ማዕድን አጥቦ ይዞ ይወጣል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊግራም አይለፍ ሲል፥ በሸለቆው አንዳንድ ጉድጓዶች ከ10 ሚሊግራም በላይ ይገኛል። ማዕድኑ አስቀድሞ የሚታወቀው በልጆች ጥርስ ነው፤ አጥኚዎቹ በሸለቆው ተወልደው ካደጉት ከመረመሯቸው ሕፃናት መካከል ከመቶ ሰማንያ በሚበልጡት ላይ የጥርስ መበለዝ አግኝተዋል። ከዐሥር ዓመት በላይ ያን ውኃ በጠጡት ላይ ደግሞ ነገሩ ወደ አጥንት ይዘልቃል፤ በወንጂ ሸዋ የስኳር እርሻ ሠራተኞችም ላይ የታየው ይኸው ነበር። አጥንቱ ይከብዳል፥ ይነጣል፤ አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማት ራሱ ወደ አጥንትነት ይለወጣል፤ አከርካሪው እንደ አንድ ምሰሶ ይደርቃል፤ በመጨረሻም የኅብለ ሰረሰር መተላለፊያው ይጠብና ነርቩ ሲጨመቅ እግር ይሰንፋል።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ መጽሔቱን በጠረጴዛው ላይ አኖርሁና ለረዥም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥሁ። «ወገቤ ደንጊያ ሆነ፤ እግሬ የሌላ ሰው እግር ሆነ።» ሰውዬው የነገሩኝ ስሞታ ሳይሆን የደዌው ሙሉ ታሪክ፥ ከነሥርዐተ ቅደም ተከተሉ፥ በራጅ ከሚታየው ሳይዛነፍ ነበር። እኔ ግን ከእርሳቸው ቋንቋ ወደ ባዕድ ቋንቋ ተረጐምሁት፤ በትርጓሜውም ደዌውን ገደልሁት፤ ሰውየውን ግን አላዳንሁም። አፈላልጌ ቤታቸው ስሄድ በመደብ ላይ ተኝተው አገኘኋቸው። «አባባ፥ የምን ውኃ ሲጠጡ ኖሩ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጣሪያውን እያዩ፥ ሌላ ወዴትም ማየት ስለማይችሉ፥ «ይህንስ ያን ጊዜ ብትጠይቀኝ ጥሩ ነበር» አሉና ልጃቸውን ቡና እንድታፈላ አዘዟት። የደደረውን አጥንት የሚያላላ መድኃኒት ያን ጊዜም አልነበረም፤ ዛሬም የለም፤ የሚረዳው ውኃውን አስቀድሞ መለወጥ ነው። ቢሆንም ጥያቄው በጊዜው ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ፥ በእርሻው ያን ውኃ ለሚጠጡት ሌሎች ሰዎች ሌላ ውኃ ይፈለግላቸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ነው ደብተር መያዝ የጀመርሁት፤ የምወቀስበትም አባዜ ይኸው ነው፤ ባለቤቴ «ያንተ የቁርጥማት ድጓ» ትለዋለች። ሕመምተኛ ሕመሙን የሚጠራበትን ቃል፥ እንደ ተናገረው፥ ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፋለሁ። ያቃጥለኛል፤ ይለበልበኛል፤ ይወጋኛል፤ ይቈርጠኛል፤ ይፈልጠኛል፤ ይጠዘጥዘኛል፤ ይነዘንዘኛል፤ ይጨመድደኛል፤ ጉንዳን ይሄድብኛል። እነዚህን ሁሉ «ያመኛል» በሚል በአንድ ከረጢት የሚያጭቅ ሐኪም፥ ጤፉንም ገብሱንም ስንዴውንም «እህል» ብሎ አንድ ጎተራ እንደሚከት ገበሬ ነው፤ በአርሲ ምድር እንዲህ ያለ ገበሬ እንደማይገኝ ታውቃላችሁ።

ይህ የሽማግሌ ተረት እንዳይመስላችሁ። ካናዳዊው ሊቅ ሮናልድ ሜልዛክ፥ እግሯን በስኳር በሽታ ያጣች አንዲት ሴት፥ ስለሌለው እግሯ ሕመም የምትናገረውን ቃል ሁሉ መመዝገብ ጀምሮ፥ ከብዙ ዘመን ድካም በኋላ እ.ኤ.አ. በ1975 ሰባ ስምንት የሕመም ቃላትን በሃያ ክፍል የመደበ መጠይቅ አሳተመ፤ ይህም ከእንግሊዝኛው ወደ ብዙ ቋንቋዎች ተዛውሮ እስከ ዛሬ ያገለግላል። ቃሉ ወደ መድኃኒቱ ይመራልና። «ያቃጥለኛል፥ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረኛል፥ ጉንዳን ይሄድብኛል» የሚል የስኳር ሕመምተኛ የታመመው ነርቩ ነው፤ ዲክሎፌናክ ብታጐርሱት እምብዛም አይረባውም፤ ለድብርት ተብሎ የተሠራው አሚትሪፕቲሊን ግን በጥቂቱ ሲሰጠው ብዙ ጊዜ እፎይታ ያገኛል። ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ ጆሮ ነው፤ በመርከብ ተጭኖ አይመጣም።

ሜልዛክ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1965 ከእንግሊዛዊው ፓትሪክ ዎል ጋር አንድ ትልቅ ነገር ተናግሮ ነበር። እስከዚያ ድረስ ሕመም፥ ፈረንሳዊው ዴካርት እንዳለው፥ በአንድ ጫፍ ገመዱ ሲሳብ በሌላው ጫፍ እንደሚጮኽ ደወል ይታሰብ ነበር፤ እነርሱ ግን በኅብለ ሰረሰሩ ውስጥ የሚከፈትና የሚዘጋ በር አለ፥ አንጎልም ከላይ ሆኖ ያን በር ያዝዛል አሉ። እግሩ የተጋጨ ልጅ እግሩን ሲያሻሽ ሕመሙ የሚቀልለው በዚህ ምክንያት ነው። ኋላም እ.ኤ.አ. በ1983 ተመራማሪው ክሊፎርድ ዉልፍ፥ ጉዳት የደረሰበት እንስሳ ኅብለ ሰረሰር ራሱ ንቁ ሆኖ እንደሚቀር፥ ትንሹንም ንክኪ አጉልቶ እንደሚያሰማ አሳየ። ቍስሉ ሽሮ ሕመሙ ሊቀር ይችላል ማለት ነው፤ ራጁ ንጹሕ፥ ደሙ ንጹሕ፥ ሰውየው ግን በእውነት የሚጨነቅ። ስለዚህ «ምርመራው ሁሉ ደኅና ነው፤ ምንም የለብዎትም» የምትለውን ቃል ከአንዳችሁ አፍ ስትወጣ የሰማሁ እንደ ሆነ፥ ዲፕሎማውን መልሼ ለመምህራኑ አስረክባለሁ። ምንም የሌለባት ሴት ከሮቤ ተነሥታ ሌሊቱን በአውቶቡስ ስትንገላታ አታድርም።

በነገራችን ላይ፥ እ.ኤ.አ. በ2021 በሕክምናው የኖቤል ሽልማት ካገኙት ከሁለቱ ሊቃውንት አንዱ ዴቪድ ጁሊየስ፥ የሚያቃጥል ሕመምን የሚቀበለውን የነርቭ በር ያገኘው በበርበሬ ነው፤ በርበሬን የሚያቃጥል ያደረገውን ንጥረ ነገር ይዞ በሩን ሲፈልግ፥ በዚያው በር እሳትም በርበሬም እንደሚገቡ ደረሰበት። ሚጥሚጣ የበላ ሁሉ «ተቃጠልሁ» ሲል የኖረው ለካ የነርቭን ምስጢር እየተናገረ ነበር! የኛ ሰው ቃሉ ነበረው፤ ያልነበረው ደብተሩ ነው።

የጻድቁ ኢዮብን፥ ሙስሊም ወገኖቻችን ነቢዩ አዩብ የሚሉትን፥ ባልንጀሮች ሰዎች ሁልጊዜ ሲወቅሱ እንሰማለን። እኔ ግን በከፊል አመሰግናቸዋለሁ፤ በጽኑ ደዌ የተያዘውን ወዳጃቸውን ሊጠይቁ በመጡ ጊዜ፥ ሰባት ቀን ያህል ከአጠገቡ በምድር ላይ ዝም ብለው ተቀመጡ። የከፉት አፋቸውን ከፍተው ምክንያቱን መተንተን የጀመሩ ዕለት ነው። ሰባት ቀን እንድትቀመጡ አልጠይቅም፤ በውጭ ወረፋ እንዳለ አውቃለሁ፤ ሁለት ደቂቃ ግን ሳታቋርጡ አድምጡ፤ የመጀመሪያይቱንም ቃል በተነገረችበት ቋንቋ ካርዱ ላይ ጻፉ፤ ከዚያ በኋላ እንግሊዝኛችሁን እንደ ወደዳችሁ አዝንቡት።

ደብተሬን ይዤ መጥቻለሁ፤ ይኸውላችሁ፤ ላቡና ቡናው ጠርዙን በልቶታል። በውስጡ 214 ቃላት አሉ፤ አብዛኞቹ ግን የአማርኛ ናቸው፤ የእኔ ኦሮምኛ የገበያ ኦሮምኛ ስለ ሆነ፥ «ና ወራና» ማለት ይወጋኛል፥ «ና ጉባ» ማለት ያቃጥለኛል መሆኑን ከማወቅ ብዙም አላለፈም፤ ይህም በዚህ አገር ይህን ያህል ዘመን ለኖረ ሰው ነውር ነው። ባዶ ገጾች አሉኝ። ፎቶግራፉ ሲያልቅ እዚያ ግራሩ ሥር ተቀምጬ እቈያለሁ፤ ኑና ሙሉልኝ፤ እናቶቻችሁንና አያቶቻችሁንም አምጡልኝ፥ እነርሱ ከእናንተ የሚበልጥ ቃል ያውቃሉ። እስክሪብቶ እኔ ይዣለሁ።