አሮጌ መኪናን በአቅም ስለ መጠበቅ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ ያደረጉት ንግግር)



 ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ጉዳይ አሮጌ መኪናን በአነስተኛ ገንዘብ እንዴት እንጠብቅ የሚል ነው። እኔ መካኒክ አይደለሁም። ነገር ግን ከ30 ዓመት በላይ ያገለገለች መኪና ይዤ ስለምኖር፣ በራሴ የደረሰውንና ከባለሙያ ጠይቄ የተረዳሁትን እነግራችኋለሁ።

እንደሚታወቀው በሠፈራችን ያሉት መኪኖች አብዛኞቹ ያረጁ ናቸው። ሸጦ የተሻለ መግዛት ለብዙዎቻችን የሚታሰብ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ የት እንደደረሰ ሶማሌ ተራ የወረደ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ያለችን መኪና ይህችው ናት። ጥያቄው ገንዘብ አለን ወይ አይደለም፤ ያለችንን ጥቂት ገንዘብ የቱ ላይ እናስቀድም ነው።

በዚህ ረገድ የራሴን ጥፋት ልናገር። በ2015 ዓ.ም. የፋሲካ ሰሞን ያጠራቀምኩትን ገንዘብ ይዤ መኪናዬን ቀለም አስቀባኋት። ጎረቤት ሁሉ «አዲስ ገዛህ እንዴ?» ሲለኝ ደስ አለኝ። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ግን የኋላ ጎማዬ ውስጠኛ ጎን ረጥቦ አይቼ ነበር። የፍሬን ዘይትም ጎድሎ ሁለት ጊዜ ጨምሬአለሁ። መካኒኩ «ፍሬንህ ያፈስሳል፤ ውስጥ ያለችው ትንሽ ጎማ አልቃለች፣ ትቀየር» ሲለኝ፣ ከበዓል በኋላ ይደርሳል ብዬ ተውኩት።

ከበዓሉ በኋላ ባለው ቅዳሜ ቁልቁለታችንን ስወርድ ፔዳሉ እግሬ ሥር ሰመጠ። ደጋግሜ ብረግጥ ጥቂት ያዘ፣ ተመልሶ ለቀቀ። ማርሽ ቀንሼ፣ የእጅ ፍሬን ስቤ፣ በመጨረሻ ከአንዲት ጎረቤታችን አጥር ጋር ተላትሜ ቆምኩ። ያ ቦታ ልጆቻችን ኳስ የሚጫወቱበት እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ያን ዕለት ልጆቹ ለምሳ ተጠርተው ገብተው ነበር። ኳሷ ብቻ እዚያው ቀርታለች። እስከ ዛሬ ድረስ ያቺን ኳስ ሳስብ ሰውነቴ ይንቀጠቀጣል። አጥሩን አሠራሁ፣ ይቅርታም ጠየቅሁ። ምሳው ዘግይቶ ቢሆን ግን ምን ብዬ ይቅርታ እጠይቅ ነበር?

ስለሆነም ከዚያ ቀን ጀምሮ ወጪዬን በሦስት ተራ ከፍዬ እይዛለሁ።

አንደኛው ተራ መኪናዋን የሚያቆምና የሚመራ ነገር ነው፤ ይኸውም ፍሬን፣ ጎማና መሪ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። እርጥበት የገባበት ዘይት በረጅም ቁልቁለት ሲግል ይፈላና ፔዳሉ ይሰምጣል። በዚህም ምክንያት ባይጎድልም በየ2 ዓመቱ መቀየር አለበት። ከጎደለ ደግሞ የት እንደሄደ ይፈለግ እንጂ ዝም ብሎ አይጨመር። የሞተር ዘይት ፍሬን ውስጥ ከቶ አይግባ፤ ጎማዎቹን አሳብጦ ያበላሻቸዋል። ጎማ ስትገዙም ጎኑ ላይ ያሉትን 4 ቁጥሮች አንብቡ። 2319 የሚል ከሆነ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2019 ዓ.ም. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ጥርሱ ቢኖርም በዕድሜ ብዛት የተሰነጣጠቀ ጎማ አይታመንም። ለቦሎ ምርመራ ቀን ጎማ ተውሶ ማለፍ መርማሪውን ያታልል ይሆናል፤ ቁልቁለቱን ግን አያታልልም።

ሁለተኛው ተራ የሞተሩ ሕይወት ነው፤ ዘይት፣ ውሃና ቺንጊያ። ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ከፊልትሮው ጋር ማስቀየር ከሞተር ማስወረድ ጋር ሲተያይ የቡና ዋጋ ነው። የውሃን ነገር ግን ብዙዎቻችን እንንቃለን። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሞተራችን እንዳይፈላ የሚረዳው የራዲያተሩ ክዳን አምቆ የሚይዘው ግፊት ነው። ስለዚህ ክዳኑ ላልቶ ከሆነ ይለወጥ፤ ትንሽ ዕቃ ናት፣ ቴስታታ ታድናለች። ሞተር ሲግል ክዳኑን አትክፈቱ፣ ፊት ያቃጥላል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አትጨምሩ፣ ቴስታታውን ይሰነጥቃል። አጥፍቶ ጥላ ሥር መጠበቅ ገንዘብ አይጠይቅም። የታይሚንግ ቺንጊያ ያላቸው ሞተሮች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ80,000 እስከ 100,000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ሊቀየርላቸው ይገባል። መቼ እንደተቀየረ የማታውቁ ከሆነ አልተቀየረም ብላችሁ ቁጠሩት።

ሦስተኛው ተራ ቀለም፣ ወንበር፣ ቴፕና ጌጥ ነው። ከሁለቱ የተረፈ ካለ ይሠራ። ከሌለ አሮጌ ቀለም ሰው አይገድልም።

ገንዘብ ስለ መቆጠብም ጥቂት ልጨምር። አንደኛ፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ ዕቃ አትግዙ። የባትሪው ጫፍ ነጭ ዱቄት ስለያዘ ብቻ አዲስ ባትሪ የገዛን አለን፤ ቀድሞ በሙቅ ውሃ ማጠብ ይበቃ ነበር። ሁለተኛ፣ የበር እጀታ፣ የመብራት መስታወት፣ ስፖኪዮ ያገለገለ ቢገዛ ነውር የለውም። የፍሬን ሸራ፣ የፍሬን ቱቦና ቺንጊያ ግን አዲስ ይሁን። ሦስተኛ፣ የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ መካኒኩን «አሳየኝ» በሉት። ጨዋ መካኒክ በዚህ አይቀየምም። አራተኛ፣ አንድ ደብተር ያዙ። ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩን፣ የተሠራውንና የተከፈለውን ጻፉበት። እኔ ደብተር ከያዝኩ ወዲህ አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ ከፍዬ አላውቅም።

የተከበራችሁ ጎረቤቶቼ፣

መኪና የግል ነው፤ መንገዱ ግን የጋራ ነው። በዚህም መሠረት ኮሚቴው አራት ነገር ያሳስባል። ክሪክ ብቻ አምኖ መኪና ሥር መግባት ሞት ስለሆነ ማኅበሩ ጠንካራ የብረት መቆሚያዎችና የጎማ ነፋስ መለኪያ ገዝቶ በጽሕፈት ቤቱ እንዲያስቀምጥ፤ የፈለገ አባል ፈርሞ ይወስዳል። ቁልቁለት ላይ የሚያቆም ሰው ጎማውን ወደ ጠርዙ አዙሮ ድንጋይ ያስደግፍ፣ ሲሄድም ድንጋዩን መንገድ ላይ ጥሎ አይሂድ። የተቃጠለ ዘይት ቦይ ውስጥ መድፋት ይቁም፤ ክረምት ሲመጣ ዞሮ የሚገባው ደጃፋችን ነው።

አራተኛው ከሁሉ የሚበልጠው ነው። ፍሬኑ ችግር ያለበትና ማሠሪያ ያጣ አባል ለኮሚቴው ይንገር። ከማኅበሩ ሣጥን በብድር እንዲሰጠውና በየወሩ እንዲከፍል ሐሳብ አቅርበናል፤ ዛሬ ድምፅ ትሰጡበታላችሁ። እኔ ያን ጊዜ ገንዘብ አልቆብኝ ነበር፤ ለመጠየቅ ደግሞ አፈርኩ። አዲስ በተቀባች መኪና ላይ ተቀምጦ የፍሬን ገንዘብ አጣሁ ማለት እኮ ቀላል አይደለም። ማፈሬ ግን ሊያስከትል የነበረውን ነግሬአችኋለሁ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ያፈረ ካለ ከስብሰባው በኋላ ለብቻዬ ይንገረኝ፤ የእኔን ታሪክ ሰምቷልና እንደማልስቅበት ያውቃል።



የማኅበሩ ጸሐፊ