በጆሮ የምትይዝ፣ በዓይን የምትይዝ፤ የሥራ ሰዓታችንስ?

(ዱሃይል ውስጥ ለምንሠራ እህቶች በዓርብ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)

እህቶቼ፣ በሳምንት አንዴ ከምታገኟት እረፍት ቆርሳችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ፤ ለሙስሊም እህቶቼም አላህ ኸይር ጀዛችሁን ይክፈላችሁ። መውጫ ያላገኙ፣ ከግንቡ አጥር ውስጥ ሆነው ይህን በስልክ የሚያነቡም አሉ፤ ለእነሱም ጭምር ነው የምናገረው።

ባለፈው ከአዲስ ገቢዎቹ ልጆች ሁለት ሦስቱ አንድ ዓይነት ነገር አነሱ። «ማዳም የነገረችኝ አይያዝልኝም፤ ሥራው ሳያልቅ ይመሻል፤ እኔ ትምህርት አይገባኝም መሰለኝ» አሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መፍትሔ አላቸው። ሦስተኛዋ ናት ያሳሰበችኝ። ሀገር ቤት ሥልጠና ጨርሳ፣ ሲኦሲ ተፈትና የመጣች ልጅ በአንድ ወር ውስጥ ራሷን ደንቆሮ ካለች፣ ቤቱ አንድ ነገር አድርጓታል ማለት ነው።

«ሰው በአያያዙ አራት ዓይነት ነው» የሚል ትምህርት አለ፤ ቫርክ ይሉታል። ኒል ፍሌሚንግ የሚባል የኒውዚላንድ መምህር ከኮሊን ሚልስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1992 ጽፎታል። አንዱ በዓይኑ፣ አንዱ በጆሮው፣ አንዱ በማንበብና በመጻፍ፣ አንዱ ደሞ በእጁ ሠርቶ ይይዛል ይላል። በስልክ «የአንቺ የመማር ስልት የቱ ነው?» እያለ የሚዞረው ነገርም ይህንኑ የመሰለ ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2008 ሃሮልድ ፓሽለርና ሦስት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች እስከዚያ የተሠሩትን ጥናቶች ሰብስበው ሲመረምሩ፣ ሰው እንደ «ስልቱ» ቢማር የበለጠ ይይዛል ለማለት የሚበቃ ማስረጃ አላገኙም። ስለዚህ «እኔ የጆሮ ሰው ነኝ፣ ወረቀት አይሆነኝም» ብላችሁ በራሳችሁ ላይ በር አትዝጉ።

እኔ ከዚህ ትምህርት የምወስደው ሌላ ነገር ነው። እኛ የምንሠራበት ቤት ሥራን የሚያስተምረን በጆሮ ብቻ ነው። ያውም በማናውቀው ቋንቋ፣ ማዳም ስልክ ይዛ ደረጃ እየወጣች፣ አምስት ትእዛዝ በአንድ ትንፋሽ። ይህንን የማንም ጆሮ አይችለውም። ሀገራችን የሚያስተምረው እኮ እንዲህ አይደለም። የቆሎ ተማሪ ቀን ከመጽሐፍ ንባቡን ይማራል፣ ማታ በጨለማ ያለ መጽሐፍ የቃል ትምህርቱን ይቀጥላል። ፊደል ስንቆጥር በእንጨት እየነካን፣ እያየን፣ እየጮኽን ነበር። ቁርኣን ቤት የቀራችሁም በሎህ ላይ ጽፋችሁ ነው በቃል የያዛችሁት። ቡና ማፍላትን ደሞ ማን ቁጭ አድርጎ ነገራችሁ? አይታችሁ ነው።

ስለዚህ አዲስ ሥራ ሲመጣ ከጆሮ ውጭ ሌላ መንገድ ራሳችሁ ጨምሩበት። «ማማ፣ ራዊኒ» በሏት፤ አሳዪኝ ማለት ነው። ፈጥና ከተናገረች «ሸዋይ ሸዋይ» በሉ። ከዚያ እሷ እያለች አንዴ ሥሩት። ከዚያ በተሰባበረ ዓረብኛም ቢሆን መልሳችሁ ንገሯት፤ ልክ ካልሆነ እዚያው ታርማችኋለች። አምስት ደቂቃ ይፈጃል። የመጅሊሱን ምንጣፍ በተሳሳተ ሳሙና አጥቦ ከመድገም ግን ያንሳል። አንዳንዷ ማዳም መጠየቅ አትወድም፣ ይገባኛል፤ የእሷ ፊት ጥሩ የሚሆንበትን ሰዓት ጠብቁ።

ማታ ስትተኙ ወረቀቱን ሳታዩ «ነገ ጠዋት ምን ምን አለብኝ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ይህ ማስረጃ ያለው ነገር ነው። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳሳዩት፣ ደጋግሞ ካነበበው ይልቅ ራሱን እየፈተነ ያስታወሰው ከሳምንት በኋላ ብዙ ይዞ ተገኝቷል። ሲያደርጉት ይከብዳል፤ ጠቃሚነቱ ግን እዚያው ክብደቱ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልምጣ። የዶሃና የአዲስ አበባ ሰዓት አይበላለጥም፤ አቆጣጠሩ ግን ይበላለጣል። ማዳም «ሳዓ ሰብዓ» ስትል ሰባት ትሰሚያለሽ፣ አእምሮሽ ወደ ምሳ ሰዓት ይሄዳል፤ እሷ ያለችው ግን የኛን አንድ ሰዓት ነው። አንዲት ልጅ ልጆቹን ለትምህርት ቤት በ«ሲታ» አስነሺ ተብላ ስድስት ሰዓት ቀን ድረስ ቁጭ ብላ ጠብቃለች፤ ቤቱ በጩኸት ሲናወጥ እንኳን ምን እንዳጠፋች አልገባትም። ይህን የመሰለ ነገር በሥልጠናው ላይ ለምን እንደማይነገር ይገርመኛል። ስልካችሁን ባለ 24 ሰዓት አድርጉት። ከ7 እስከ 18 ካለው ቁጥር ላይ 6 ቀንሱ፤ 13 ካለ የኛ ሰባት ሰዓት ነው፣ 18 ካለ አሥራ ሁለት። ማታ ከ19 ጀምሮ ደሞ 18 ትቀንሳላችሁ። በመጀመሪያው ወር ሁለቱንም ቁጥር ጎን ለጎን ጽፋችሁ የቁም ሳጥናችሁ በር ውስጥ ለጥፉ።

መጻፍ የማትችሉ ሥዕል ሳሉ፤ ፀሐይና ጨረቃ፣ የልጅ ቦርሳ፣ ካውያ። ወይ ማዳም እንደሄደች ትእዛዙን በአማርኛ ለራሳችሁ በስልክ ቅዱት። ፎቶ ላይ ግን ተጠንቀቁ። የዕቃ አቀማመጥ ለማስታወስ እንኳ ቢሆን አስፈቅዱ፤ የቤቱን ሰዎችና ልጆቹን ግን በፍጹም አታንሱ፤ ሰውን ያለ ፈቃዱ ፎቶ ማንሳት በቃጠር ሕግ ያስከስሳል።

ቀኑን ስታከፋፍሉ፣ አዲስ ሥራን ልጆቹ ትምህርት ቤት ባሉበትና ቤቱ ጸጥ ባለበት ሰዓት ላይ አድርጉት። ካውያ እጅ የለመደው ሥራ ነው፤ ዲሽዳሻና አባያ ስትተኩሱ በአንድ ጆሮ የዓረብኛ ትምህርት መስማት ይቻላል። አዲስ መጅቡስ ስትሠሩ ወይም ሕፃን ስታጥቡ ግን ጆሮ ላይ ምንም አይኑር። ባለ ሦስት ፎቅ ቪላ ውስጥ ደሞ ጊዜን የሚበላው ደረጃው ነው። የላይኛውን ጨርሶ መውረድ፣ የሚወርደውን ሁሉ ደረጃው ራስ ላይ በአንድ ቅርጫት ማጠራቀም ጉልበትን ያተርፋል።

ረመዳን ይህን ሁሉ ይገለብጠዋል። ቀኑ ይተኛል፣ ሌሊቱ ይነቃል፤ ኢፍጣር፣ ከዚያ የእንግዳው ገብጋ፣ ከዚያ ሱሑር። በዚያ ወር ሰዓታችሁን ከመግሪብ ወደ ኋላ ቁጠሩ፦ ሾርባው መቼ ይጣድ፣ ሐሪሱ መቼ ይጀመር፣ ሉቀይማቱ መቼ ይጠበስ። ሳምቡሳውን በሻዕባን ጠቅልሎ ፍሪዘር ውስጥ ማስገባት የቻለች ግማሽ መንገድ ሄዳለች። እየጾሙ የሚሠሩ እህቶቻችን ይህን ከኔ በላይ ያውቁታል፤ እነሱን ጠይቁ። እንቅልፋችሁንም በሁለት ቦታ ቆርጣችሁ እንደ ሥራ ጻፉት፤ ካልተጻፈ ማንም አይሰጣችሁም።

አሁን አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። አሥራ ስድስት ሰዓት ሥራን በአሥር ሰዓት የሚጨርስ የጊዜ አያያዝ የለም። እንደዚያ ያለ ቤት ውስጥ ያለች ልጅ የጎደላት ዘዴ አይደለም። የቃጠር የ2017 የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 15 ሥራው በቀን ከ10 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል፤ የጸሎት፣ የምግብና የእረፍት ጊዜ አይቆጠርበትም። ተስማምታችሁ ካልሆነ በቀር ነው፤ ስለዚህ የምትፈርሙትን አስነብቡ። በሳምንትም ደመወዝ የማይቆረጥበት ቢያንስ የ24 ሰዓት ተከታታይ እረፍት አላችሁ። እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2021 ጀምሮ ዝቅተኛው ደመወዝ 1000 ሪያል ነው፤ በዚያው ዓመት የወጣው አዲሱ ኮንትራትም ስለ ትርፍ ሰዓት ክፍያና ስለ ሕመም ፈቃድ ይናገራል።

ለዚህ ነው ደብተር ያዙ የምለው። በየቀኑ የጀመራችሁበትን ሰዓትና የተኛችሁበትን ሰዓት ብቻ፣ በቀን ሁለት ቁጥር፣ ከነቀኑ። ለሥራ አከፋፈል ይጠቅማችኋል፤ ነገር ከከረረ ደሞ «ብዙ እሠራለሁ» ከማለት ይልቅ ደብተር ያዘች ሴት ትደመጣለች። ደብተሩን ከራሳችሁ ዕቃ ጋር አኑሩት፤ ማብሰያ ቤት አትተዉት።

በሚቀጥለው ዓርብ ቁጥር መጻፍ የሚቸግራቸውን እህቶች ከቡና በፊት አንድ ሰዓት እናስቀምጣቸዋለን። ደብተርና እስክሪቢቶ እኔ አመጣለሁ፤ እጣንና ፈንዲሻ የሚያመጣ ይመዝገብ።