ሕፃናት አማና ናቸው፦ በሙቀት ወራት ደጅ ሲጫወቱ

በሬድዮ የቤተሰብ ዝግጅት ላይ የቀረበ ንግግር

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም። 

ክረምት ሲባል ለደጋ ሰው ትዝ የሚለው ዝናብ፣ ብርድና ጭቃ ነው። በድሬዳዋ፣ በአፋርና በሶማሌ ቆላማ ከተሞች ለምትኖሩ እህትና ወንድሞች ግን ነገሩ ሌላ ነው። ድሬዳዋ ላይ በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይደርሳል፤ ሐምሌና ነሐሴም ከዚያ ብዙ አይቀዘቅዙም። ትምህርት ቤት የሚዘጋውም በዚሁ ወቅት ነው። ታላላቆቹ ወደ መድረሳ ሲሄዱ ታናናሾቻቸውን ያስከትላሉ። ሥራ የምትውል እናትም ልጇን ለመዋዕለ ሕፃናት ወይም ለጎረቤቷ ትሰጣለች። የዛሬው መልእክታችን ልጅ ለሚረከቡና ለሚያስረክቡ ሁሉ ነው።

ውድ አድማጮች! ልጅ ደጅ ወጥቶ መሮጥና መጫወት ያስፈልገዋል። ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ዘግቶ ማዋል መፍትሔ አይሆንም። ነገር ግን አንድ ነገር እንወቅ፤ ሕፃን ልጅ «ሞቀኝ፣ ደከመኝ» ብሎ ከጨዋታው አይነሳም። ሰውነቱ ትንሽ በመሆኑ ከአዋቂ ይልቅ ቶሎ ይግላል፤ በላብ የመቀዝቀዝ አቅሙም ያነሰ ነው። ስለዚህ ጥማቱንም ሙቀቱንም ቀድሞ ማየት ያለበት ጠባቂው ነው። ልጁ እስኪናገር መጠበቅ አማናን መጠበቅ አይደለም።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ሐሩር ሲበረታ የዙህርን ሶላት ቀዝቀዝ እስኪል ማዘግየትን እንዳስተማሩ በሶሒሕ ሐዲሥ ተዘግቧል። ለሶላት እንኳ ሙቀቱ ከታሰበለት፣ ለልጆች ጨዋታ ሰዓት መምረጥ እንዴት ይከብደናል? ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ዐስር ሶላት ድረስ ልጆችን ጥላ ሥር አድርገን ተረት እናውራላቸው፣ እናስቀራቸው፣ እናስተኛቸው። ሩጫውና ኳሱ ለማለዳና ከዐስር በኋላ ይቆይ።

ጥላ ስንል ሁሉም ጥላ እኩል አይደለም። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ፀሐዩን ቢከልልም ራሱ ግሎ ሙቀት ወደ ታች ይለቃል። የዛፍ ጥላ ይሻላል። ዛፍ ከሌለ ነፋስ የሚያሳልፍ ዳስ ይጣል። የብረት ሸርተቴና ዥዋዥዌ በፀሐይ ሲግል ቆዳ ያቃጥላል፤ ልጁ ከመቀመጡ በፊት በእጃችን እንንካው። ልብሳቸው ስስ፣ ሰፋ ያለና ነጣ ያለ ጥጥ ይሁን። ለትንንሽ ሴት ልጆች ሂጃብ የምታለብሱ እናቶችም እንዲሁ ስስ ጥጥ ምረጡ። ሸርተቴ ላይ ተጠላልፎ አንገት እንዳያንቅም አንገት ላይ የሚታሰርና የሚንጠለጠል ነገር አይኑር።

ውሃ በየ20 ደቂቃው ይቅረብላቸው፤ «ጠማችሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም። 6 ወር ያልሞላው ሕፃን ግን በሙቀትም ቢሆን የእናት ጡት ይበቃዋል፤ ቶሎ ቶሎ ይጥባ እንጂ ውሃ አይሰጠው። ማታ ተቅማጥ ወይም ትውከት የነበረው ልጅ ውሃው አስቀድሞ አልቋል። እናት ሆይ፣ ስታስረክቢ ይህንን ሳትደብቂ ተናገሪ፤ ስልክሽንም ተዪ።

አፉ የደረቀ፣ ሲያለቅስ እንባ የሌለው፣ ሽንቱ የቀነሰና የጠቆረ ልጅ ውሃ አንሶታል፤ ወደ ጥላ ገብቶ በጥቂት በጥቂቱ ኦ.አር.ኤስ. ይጠጣ። ሰውነቱ እንደ እሳት ግሎ ከተደናገረ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ራሱን ከሳተ ግን ጉዳዩ የሕይወት ጉዳይ ነው። ልብሱን አውልቁ፣ ሰውነቱን በውሃ አርጥቡ፣ አንገቱና ብብቱ ላይ እርጥብ ጨርቅ አድርጉ፣ አራግቡለት፤ ይህንን ሳታቋርጡ ወደ ጤና ተቋም አድርሱት። ራሱን ለሳተ ልጅ በአፉ ምንም አይሰጥም።

ሌላው አደጋ መኪና ነው። ፀሐይ ላይ የቆመና የተዘጋ መኪና ውስጥ ሙቀቱ በ10 ደቂቃ ብቻ 10 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ልጆች የሚያመላልስ ሰርቪስ ሹፌር እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን ከኋላ ወንበር እንዳይቀርበት ከመቆለፉ በፊት እያንዳንዱን ወንበር በዓይኑ ይይ። ልጆች ሲወጡ፣ ሲገቡና ሲረከቡ ይቆጠሩ። መቁጠር የማንም ሥራ ሲሆን የማንም አይሆንም፤ ስለዚህ ቆጣሪው አንድ የታወቀ ሰው ይሁን።

ውሃም አለ። ክፍት በርሜል፣ ባልዲና ያልተከደነ ጉድጓድ ሕፃን ያሰጥማል፤ ለትንሽ ልጅ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ውሃ ይበቃል። ደረቅ የወንዝ አሸዋማ ደግሞ ያማረ መጫወቻ ይመስላል። የደቻቱን ጎርፍ ድሬዳዋ አትረሳውም። በ1998 (እ.ኤ.አ. በ2006) ክረምት ከከተማዋ በላይ ባሉት ደጋማ ቦታዎች የጣለው ከባድ ዝናብ በሌሊት ደርሶ ከ250 በላይ ሰዎችን ገድሏል። እነሆ ትምህርቱ፤ ከራሳችን በላይ ያለው ሰማይ ጥርት ቢልም ጎርፉ ከሩቅ ሊመጣ ይችላል። የልጆች ቡድን በክረምት ወደ ወንዝ መውረጃ ፈጽሞ አይወሰድ።

የተከበራችሁ አድማጮች! ከዘረዘርነው ውስጥ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ የለም። አንድ ጀሪካን ንጹሕ ውሃ፣ አንድ ጥላ፣ የበርሜል ክዳንና የማይዘናጋ ዓይን ነው። ወላጆችም ልጃችሁን ከመስጠታችሁ በፊት ቦታውን ዞር ብላችሁ እዩ፣ ጠይቁ። መጠየቅ ጠባቂዋን አለማመን አይደለም፤ አማናውን አብሮ መሸከም ነው። ጠባቂዎችም ጥያቄውን በቅንነት ተቀበሉ። ሁላችንም በተሰጠን አደራ ተጠያቂዎች ነንና።

አላህ (ሱ.ወ) ልጆቻችንን ከክፉ ሁሉ ይጠብቅልን፤ አማናችንንም የምንወጣ ያድርገን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።