የሰውነት ሥራ ለአረጋውያን አእምሮ ስለሚሰጠው ጥቅም
ለመምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተነገረ ንግግር



ዛሬ የምናገርላችሁ ነገር ስለ እርጅናና ስለ አእምሮ ነው። ሰው ሲያረጅ ጉልበቱ እንደሚደክም፥ ዓይኑ እንደሚፈዝ፥ ጠጕሩም እንደሚሸብት ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን ማሰብና ማስታወስስ ከጉልበት ጋራ አብሮ መድከም አለበትን? ወይስ ሰው በገዛ ሥራው አእምሮውን ሊጠብቅ ይችላልን? ይህ ጥያቄ የሽማግሌው የብቻው ጥያቄ አይደለም። በአንድ መንደር ውስጥ የመሬቱን ድንበር፥ የዘመዱን የትውልድ ቍጥር፥ የዱሮውን ውልና እርቅ የሚያስታውሱ ሽማግሎች ናቸው። ሁለት ጎረቤታሞች በድንበር የተጣሉ እንደ ሆነ፥ ከወረቀቱ አስቀድሞ የሚጠየቀው የሽማግሌው ትዝታ ነው። ስለዚህ የአንድ ሽማግሌ አእምሮ ሲደክም የሚጐዳው እርሱ ብቻ ሳይሆን መንደሩ በሙሉ ነው።

በአገራችን ሽማግሌን ማክበር የቈየ መልካም ልማድ ነው። ልጅ ለአባቱ ብድግ ይላል፤ መቀመጫ ይለቅለታል፤ ውሃ አቅርቦ እግሩን ያጥበዋል። ይህ ሁሉ የተመሰገነ ነው። ነገር ግን አባት ከብታቸውን ለማየት ሲነሡ «አባባ፥ እርስዎ ይቀመጡ፤ እኛ አለን» ይባላሉ፤ እናትም ጓሯቸውን ለመኰትኰት ሲነሡ «እማማ፥ እርስዎ ይረፉ» ይባላሉ። እንዲህ እየተባለ ጥቂት ዓመት ያልፋል፤ በፍቅር እንዲቀመጥ የተደረገው ሽማግሌም ከደጁ ሳይወጣ ይውላል፤ ከእኩዮቹ ጋራ መገናኘቱን ይተዋል፤ ቀጥሎም ስም መርሳት፥ ቀን ማሳሳት ይጀምራል። ቤተ ሰቡም «እርጅና ነው፤ ምን ይደረጋል» ብሎ ዝም ይላል። እኔ ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው፥ ይህ ነገር ሁሉ የዕድሜ ብቻ እንዳይደለ፥ ከፊሉም የመቀመጥ ፍሬ ሊሆን እንደሚችል ነው።

አስቀድመን የአንጎልን ነገር እንመልከት። የሰው አንጎል ክብደቱ ከ1 ኪሎ ተኩል ያነሰ ነው፤ ይኸውም ከሰውነታችን ክብደት ከመቶ 2 እጅ ያህል ብቻ ነው። ነገር ግን ሰውነታችን ዐርፎ ሳለ ከሚፈጀው ኦክሲጅን ከመቶ 20 እጅ ያህሉን የሚወስደው ይህ ትንሽ አካል ነው። ይህንም የሚያደርስለት ደም ነው፤ ደሙንም የሚገፋው ልብ ነው። የመስኖ ቦይ በደለል የተደፈነ እንደ ሆነ አትክልቱ እንደሚጠወልግ፥ እንዲሁም ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች የደነደኑና የጠበቡ እንደ ሆነ አንጎል ይራባል። ሰው ሲራመድ፥ ሲቈፍር፥ ዳገትም ሲወጣ ልቡ በብርታት ይመታል። ይህን ያዘወተረ ሰው የደሙ ግፊትና በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር በልክ እንዲሆኑ ይረዳዋል። ስለዚህ ሐኪሞች ለልብ የሚበጅ ነገር ለአንጎልም ይበጃል ይላሉ።

በአንጎል ውስጥ፥ በግራና በቀኝ፥ በጆሮ አንጻር ጠልቀው የሚገኙ ሁለት ትናንሽ ክፍሎች አሉ። በጽርእ ቋንቋ ሂፖካምፐስ ይባላሉ፤ ትርጓሜውም የባሕር ፈረስ ማለት ነው፤ ይህም ስም የተሰጣቸው መልካቸው ያን የባሕር ፍጥረት ስለሚመስል ነው። ሥራቸውም አዲስ ነገር ተቀብሎ በትዝታ እንዲቀመጥ ማድረግና መንገድን ለይቶ ማወቅ ነው። ሰው በሸመገለ ጊዜ እነዚህ ክፍሎች በየዓመቱ ከመቶ 1 ወይም 2 እጅ ያህል ይቀንሳሉ። ትናንት የተነገረውን ረስቶ የልጅነቱን ነገር አጥርቶ የሚናገር ሽማግሌ የምናየው ስለዚህ ነው፤ የዱሮው ትዝታ ተቀምጧል፤ አዲሱን የሚያስገባው በር ግን ጠቧል።

አሁን ሊቃውንት መርምረው ስላገኙት ነገር እናገራለሁ፤ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። በ1999 ዓመት በአሜሪካ አገር በካሊፎርንያ በሚገኘው በሶልክ የምርምር ቤት የሚሠሩ ሊቃውንት፥ በመሽከርከሪያ ላይ በፈቃዳቸው የሚሮጡ አይጦች በዚሁ በትዝታ ክፍል ውስጥ ሳይሮጡ ከተቀመጡት የበለጠ አዲስ ሕዋስ እንዳገኙ ገለጡ። ነገር ግን ሰው አይጥ አይደለምና በሰው ላይ መመርመር አስፈለገ።

ስለዚህም በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ዕድሜያቸው ከ55 እስከ 80 ዓመት የሆነ፥ ሥራ የማያዘወትሩ 120 ሰዎች ተመርጠው በሁለት ወገን ተከፈሉ። አንደኛው ወገን በሳምንት 3 ቀን በእግር እንዲሄድ ተደረገ፤ ሲጀምር 10 ደቂቃ፥ ከዚያም በየሳምንቱ ጥቂት እየጨመረ እስከ 40 ደቂቃ ደረሰ። ሁለተኛው ወገን ሰውነትን በማፍታታትና በመዘርጋት ብቻ ቈየ። ዓመቱ ሲፈጸም የሁሉም አንጎል በመሣሪያ ተለካ። የተራመዱት ሰዎች የትዝታ ክፍል ከመቶ 2 እጅ ያህል አድጎ ተገኘ፤ የሌሎቹ ግን ከመቶ 1 እጅ ተኩል ለሚጠጋ ቀነሰ። ይህም በ2011 ዓመት ታተመ። እነሆ፥ እነዚህ ሰዎች አትሌቶች አልነበሩም፤ ያደረጉትም ነገር መራመድ ብቻ ነው።

ደግሞ በ2004 ዓመት ከሐዋይ ደሴቶች የወጣ አንድ ምርመራ አለ። ዕድሜያቸው ከ71 እስከ 93 ዓመት የሆኑ፥ በእግራቸው መሄድ የሚችሉ ከ2,000 በላይ ወንዶች በቀን ምን ያህል እንደሚሄዱ ተጠይቀው ከዚያ በኋላ ለዓመታት ታዩ። በቀን 400 ሜትር ያህል እንኳ የማይሄዱት፥ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ከሚሄዱት ይልቅ ወደ ሁለት እጥፍ በሚጠጋ መጠን በመርሳት በሽታ ተይዘው ተገኙ። ነገር ግን አስተውሉ፤ ምናልባት ከሰነፉት አንዳንዶቹ የተቀመጡት በሽታው አስቀድሞ በስውር ስለ ጀመራቸው ይሆናል። እንዲህ ያለ ምርመራ ያመለክታል እንጂ ብቻውን አይፈርድም።

እውነትን የሚናገር ሰው የሚደግፈውን ብቻ ሳይሆን የሚቃወመውንም ሊናገር ይገባዋል። በ2015 ዓመት በአሜሪካ ከ70 እስከ 89 ዓመት የሆናቸው፥ መቀመጥ የለመዱ 1,635 ሰዎች ለሁለት ዓመት ተፈተኑ። የሰውነት ሥራ የሠሩት ስለ ጤና ትምህርት ብቻ ከተማሩት ይልቅ በማሰብና በማስታወስ በልጠው አልተገኙም። በ2018 ዓመት ደግሞ በእንግሊዝ አገር የመርሳት በሽታ አስቀድሞ በያዛቸው ሰዎች ላይ በተደረገ ፈተና፥ ብርቱ የሰውነት ሥራ ጉልበታቸውን ቢያሻሽልም የበሽታውን ጕዞ አላዘገየም። ከዚህ የምንረዳው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፥ የሰውነት ሥራ አጥር ነው እንጂ መድኀኒት አይደለም፤ አጥርም የሚታጠረው ከብቱ እህሉን ሳይበላ ነው። ሁለተኛ፥ ብቻውን ሁሉን አያደርግም።

ሌላውን ከፊንላንድ አገር እንማራለን። በዚያ ከ60 እስከ 77 ዓመት የሆናቸው 1,260 ሰዎች ተመርጠው፥ ለእኩሌቶቹ አራት ነገር ባንድነት ተሰጠ፤ ይኸውም መልካም ምግብ፥ የሰውነት ሥራ፥ የአእምሮ ልምምድ፥ የደም ግፊትንና የመሰለውን መጠበቅ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ አራቱን ባንድነት የያዙት በአእምሮ ፈተና ከሌሎቹ በልጠው ተገኙ፤ ይህም በ2015 ዓመት ታተመ። በ2024 ዓመትም ላንሴት በሚባለው የሐኪሞች መጽሔት የተሰበሰቡ ሊቃውንት፥ ለመርሳት በሽታ የሚያጋልጡ ሊታረሙ የሚችሉ 14 ነገሮችን ቈጠሩ። ከነዚህም ውስጥ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ፥ የደም ግፊት፥ ትምባሆ፥ መጠጥ ማብዛት፥ የጆሮ መደንቈር፥ የዓይን መድከምና ብቸኝነት ይገኙባቸዋል። ሁሉም ቢወገዱ ከመቶው በሽታ 45 እጅ ያህሉን መከልከል ወይም ማዘግየት ይቻል ነበር ብለው ገመቱ። መምህራን ሆይ፥ በዚህ ቍጥር ውስጥ በልጅነት ትምህርት ማጣትም አለበት። እንግዲህ ዛሬ በአንድ ክፍል ውስጥ ለሕፃን ፊደል የምታስቈጥሩ እናንተ፥ ከ60 ዓመት በኋላ ለሚመጣው እርጅናው ደግሞ ስንቅ ታስይዙታላችሁ።

ምን ያህል ይበቃል? የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 ዓመት ባወጣው ምክር፥ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ ሥራ ይሥራ ይላል። ይህም በሳምንት 5 ቀን በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ እንደ መሄድ ነው። መጠኑን ለማወቅ ሰዓት አያስፈልግም፤ ሰው እየሄደ መነጋገር ቢችል፥ መዝፈን ግን ቢያቅተው፥ ልኩን አግኝቷል። ለአረጋውያን ደግሞ ጉልበትንና ሚዛንን የሚያጸና ሥራ ይጨመርላቸው፤ ይኸውም እጅን ሳይደገፉ ከበርጩማ ደጋግሞ መነሣትና መቀመጥ፥ ግድግዳ አጠገብ ሆኖ ባንድ እግር ጥቂት መቆም ነው። ይህ ከመውደቅ ይጠብቃል።

እርሻውን የሚያርስ፥ እንጨት የሚፈልጥ፥ ገበያ በእግሩ የሚወርድ ገበሬ ይህ ሁሉ በሥራው ውስጥ አለለት፤ ሌላ አያሻውም። አደጋው ያለው ሥራውን ለልጆቹ ባስረከበበት ቀን፥ ወይም ከገጠር ወጥቶ በከተማ ከልጁ ቤት በተቀመጠበት ቀን ነው። የሚሠራ ማረሻ ያበራል፤ የተሰቀለ ማረሻ ይዝጋል። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ ደብተር የሚያርም መምህርም ከዚህ ምክር ውጭ አይደለም።

ነገር ግን በማስተዋል ይሁን። ደረቱን የሚወጋው፥ ራሱን የሚያዞረው፥ ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ሥራውን ትቶ አስቀድሞ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። የደም ግፊቱንም ያስለካ። በቀትር ፀሐይና በጾም ድካም አይራመድ፤ ማለዳና ወደ ማታ ይሻላል። የመርሳት በሽታ የያዘውንም ሽማግሌ ማንም አይሣቅበት፤ ሰነፈ ወይም ተረገመ አይባል። በሽታው የአንጎል በሽታ ነው፤ ለእርሱ የሚያስፈልገው ሐኪምና ታጋሽ ቤተ ሰብ ነው።

በመጨረሻ ለመምህራን አንድ ሥራ አቀርባለሁ። በወር አንድ ቀን ተማሮቻችሁን ከመንደሩ ሽማግሎች ጋራ በእግር አውጡ። ሽማግሎቹ የወንዙን፥ የኮረብታውን፥ የድንበሩን ስምና ታሪክ ይንገሩ፤ ልጆቹ ይጻፉ። በዚህ አንድ ሥራ እግር ይሠራል፥ አእምሮ ይሠራል፥ ብቸኝነት ይርቃል፤ የመንደሩም ታሪክ በወረቀት ላይ ይቀራል። በየቤቱ ያላችሁ ልጆችም፥ አባታችሁ በትራቸውን ይዘው ሲነሡ መቀመጫ አታቅርቡላቸው፤ በሩን ክፈቱላቸው፤ ብትችሉም አብራችኋቸው ሂዱ።