ምራቂ የሚያምረው በሙሉ ስፍር ላይ ነው

የአካባቢን ምርት በማኅበራዊ ሚዲያ ስጦታና በገበያ ዝግጅት ስለ ማስተዋወቅ፣ በደሴና በኮምቦልቻ ለሚያገለግሉ ካህናትና የሰበካ ጉባኤ የልማት ክፍሎች የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በየአጥቢያው በልማት ሥራ የምንደክም ሁላችን አንድ የጋራ ችግር አለን። እናቶች በቡድን ተደራጅተው ይፈትላሉ፤ ሞሰብና ሰፌድ ይሰፋሉ፤ ወጣቶች ይሸምናሉ፤ ማር አጣርተው ያሽጋሉ። ሥልጠናው ይሰጣል፤ መነሻ ገንዘቡም በብዙ ድካም ይገኛል። የተሠራው ዕቃ ግን ገዢ አጥቶ በመደርደሪያ ላይ ይከርማል። ሠርቶ መሸጥ ያቃተው ሰው ደግሞ ውሎ አድሮ መሥራቱንም ይተዋል።

ከዚህ የተነሣ ወጣቶቻችን አንድ መንገድ ይዘው ወደ ሰበካ ጉባኤው ይመጣሉ። በፌስቡክ፣ በቴሌግራምና በቲክቶክ «ገጻችንን ይከተሉ፣ ለወዳጅዎ ያጋሩ፣ በዕጣ ይሸለሙ» የሚል ማስታወቂያ ማውጣት ይፈልጋሉ። እነርሱ «ጊቭአዌይ» ይሉታል። ለዚህም የደብሩን ስምና የደብሩን ገጽ እንድናውሳቸው ይጠይቃሉ። አንዳንዱ ኮሚቴ «ልጆቻችን ናቸው» ብሎ ወዲያው ይፈቅዳል፤ አንዳንዱ «ይህ ቁማር ነው» ብሎ ይመልሳቸዋል። ዛሬ ልንነጋገር የወደድነው ከሁለቱ መልሶች አንዱም ሳይመረመር እንዳይሰጥ ነው።

ነገሩ ለምን እንደሚያሳስበን የከተሞቻችንን ሁኔታ እናስብ። ደሴና ኮምቦልቻ በ25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የተለያዩ፣ በንግድ ግን የተሳሰሩ ከተሞች ናቸው። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር ሆና የወሎን ደጋ ታገበያያለች። ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ በባቲ በኩልም ወደ ሚሌና ወደ ጅቡቲ የሚወስድ መንገድ አላት። ይሁን እንጂ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ሁለቱም ከተሞች በጦርነት ውስጥ አልፈዋል፤ ብዙ ሱቆችና መጋዘኖች ተዘርፈው ባዷቸውን ቀርተዋል። ከዚያ በኋላ እንደ ገና የጀመረ አነስተኛ ነጋዴ ለማስታወቂያ የሚያወጣው እያንዳንዱ ብር ከልጆቹ እንጀራ የተቆረሰ ነው። ስለዚህ ስጦታ ሲሰጥ የሚሰጠው ተርፎት ሳይሆን መልሶ ሊያገኘው ተስፋ አድርጎ ነው። ተስፋው እንዳይጨናገፍ መምከር የእኛ ድርሻ ነው።

ስጦታን ለገበያ ማዋል ለሀገራችን ሰው አዲስ ነገር አይደለም። እህል ሻጭ እናት መስፈሪያዋን ሞልታ ከሰፈረች በኋላ ገዢዋ «መርቂልኝ» ትላታለች፤ እርሷም አንድ እፍኝ ትጨምርላታለች። ይህን ምራቂ እንለዋለን። ቋንቋችን ለቡራኬና ለዚህ ጭማሪ አንድ ግስ መስጠቱ ልብ ሊባል ይገባል፤ ካህኑም ይመርቃል፣ ሻጯም ትመርቃለች። ነገር ግን ምራቂ የሚመጣው ስፍሩ ከሞላ በኋላ ነው። አጉድላ ሰፍራ እፍኝ የምትጨምር ሻጭ ብትኖር አታለለች እንጂ መረቀች አይባልም። የስልኩም ገበያ ከዚህ ሕግ አይወጣም። ዕቃው መልካም፣ ዋጋው እውነተኛ፣ ቃሉ የታመነ ካልሆነ ስጦታው ጉድለትን መሸፈኛ ይሆናል። ሰውም አንድ ጊዜ ይመጣል፤ ሁለተኛ አይመለስም።

ከዚህ ቀጥሎ ሦስት ነገሮችን ለይተን ማወቅ ይገባናል። እነርሱም ምራቂ፣ ዕጣና ምጽዋት ናቸው።

ምራቂ ለገዛ ሁሉ የሚደርስ ነው። ሁለት ነጠላ ለገዛች እናት አንድ መሐረብ መጨመር፣ ማር ለገዛ አነስተኛ ማሰሮ በቅናሽ መስጠት ምራቂ ነው። ማንም ተሸናፊ ሆኖ አይመለስም። ስለዚህ ለጀማሪ ቡድን ከሁሉ በፊት የምንመክረው ይህን ነው።

ዕጣ ለብዙዎች ተስፋ ሰጥቶ ለጥቂቶች የሚደርስ ነው። በቅዱስ መጽሐፍ ሁለት ዕጣዎችን እናውቃለን። አንዱ በይሁዳ ምትክ ማትያስ የተመረጠበት ነው። መቶ ሃያ ያህል ሰዎች በተሰበሰቡበት፣ ሁለቱ ዕጩዎች በስም ታውቀው፣ ጸሎት ተደርጎ ወጣ። ሌላው በቀራንዮ ጭፍሮች በጌታችን ልብስ ላይ የተጣጣሉት ነው። የመጀመሪያው በጉባኤ ፊት ለአገልግሎት ሆነ፤ የኋለኛው የሌላውን ንብረት ለመውሰድ። ይህን የምናነሣው የንግድን ዕጣ ከሐዋርያት ምርጫ ጋር ልናስተካክል አይደለም። ዕጣ የሚመረመረው በዓላማውና በአወጣጡ መሆኑን ለማሳየት ነው። ሰው ገንዘብ ከፍሎ የሚገባበት፣ የከፋዮቹ ገንዘብም ለአንዱ የሚደርስበት ዕጣ ቁማር ነው፤ ወደዚያ ልጆቻችንን አንመራም።

ምጽዋት ግን ከሁለቱም የተለየ ነው፤ ዋጋውም ከእግዚአብሔር ዘንድ ነው። በዚህ ዘመን ለችግረኛ ዘይትና ዱቄት እየሰጡ ፊቱን ቀርጸው የንግድ ማስታወቂያ የሚያደርጉ አሉ። ጌታችን ምጽዋት በስውር እንዲሆን ያስተማረውን ትምህርት እናንተ በየዕለቱ ታስተምራላችሁ። የድሀውን ፊት ለዕቃ መሸጫ ማድረግ ክብሩን መውሰድ ነው። ነጋዴ መመጽወት ቢፈልግ ያለ ካሜራ ይመጽውት፤ ማስተዋወቅ ቢፈልግ ማስታወቂያ መሆኑን በግልጽ ይናገር።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። አንድ ቡድን የስጦታ ማስታወቂያ ላውጣ ሲል ኮሚቴው አብሮት የሚመለከታቸው ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ስጦታው የራሱ የቡድኑ ምርት ይሁን። ስልክ የሚሸልም ገጽ ስልክ ፈላጊዎችን ይሰበስባል፤ ዕጣው ሲወጣ ይበተናሉ። ጋቢ የሚሸልም ገጽ ግን ጋቢ የሚወዱ ሰዎችን ያመጣል፤ ያልደረሳቸውም ገዢ የመሆን ዕድል አላቸው።

ሁለተኛ፣ ሒሳቡ አስቀድሞ ይሠራ። ለምሳሌ ያህል፣ አንድ ጋቢ ለመሥራት 1,800 ብር ቢፈጅና በ2,500 ብር ቢሸጥ ትርፉ 700 ብር ነው እንበል። ሁለት ጋቢ በስጦታ ቢሰጥ 3,600 ብር ይወጣል፤ ለፎቶና ለወረቀት ማሳተሚያ 600 ብር ቢጨመር 4,200 ይሆናል። ይህን ለመመለስ ከወትሮው በላይ ስድስት ጋቢ መሸጥ አለበት። ስድስቱን ለመሸጥ ተስፋ ከሌለ ስጦታው አንድ ጋቢ ይሁን፤ ወይም ይቅር።

ሦስተኛ፣ ደንቡ በጽሑፍ ይውጣ። ማን መሳተፍ እንደሚችል፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚዘጋ፣ ስንት ስጦታ እንዳለ፣ እንዴት እንደሚለይ፣ የት እንደሚረከቡት ከመጀመሪያው ይነገር። ዕጣውም በሦስት ታማኝ ሰዎች ፊት፣ ሁሉ እያየ ይውጣ። የአዘጋጆቹ ቤተሰብ አይሳተፍ። ለባለ ዕድሉ «ስጦታዎን ለመላክ መጀመሪያ ገንዘብ ያስገቡ» የሚል ቃል ፈጽሞ አይነገር፤ ይህ የአጭበርባሪዎች ቋንቋ ነውና።

አራተኛ፣ ሕጉ ይታይ። በሀገራችን የሎተሪና የዕጣ ሥራ በፈቃድ የሚከናወን ነው። ባንኮች «ይቆጥቡ ይሸለሙ» እያሉ የሚያወጡትን ዕጣ ሳይቀር በ1954 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ሎተሪ ሲያወጣ አይተናል። ስለዚህ ዕጣ ያሰበ ቡድን አስቀድሞ ብሔራዊ ሎተሪንና የከተማውን ንግድ ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ በፒራሚድ የሽያጭ ስልት፣ ማለትም «ይህን ያህል ገዢ ካመጣህ ትሸለማለህ» በሚል ሰንሰለት መነገድን ይከለክላል። ፌስቡክም በበኩሉ ሰው በግል ገጹ ማጋራትን ወይም ጓደኞቹን ታግ ማድረግን የመሳተፊያ ግዴታ ማድረግን በደንቡ አይፈቅድም። በመሆኑም «ለአሥር ሰው ካላጋራህ አትገባም» የሚለው ልማድ ሊቀር ይገባል። ምራቂ ከዚህ ሁሉ ጣጣ የራቀ መሆኑ ሌላው ጥቅሙ ነው።

አምስተኛ፣ ሥራው በስልክ ላይ ብቻ አይንጠልጠል። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ በሀገሪቱ ተዘግተው ነበር። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጧል። ገበያውን ሁሉ በገጽ ላይ የሠራ ሰው በአንድ ሌሊት ደንበኞቹን ያጣል። የደንበኞችን ስምና ስልክ በፈቃዳቸው በመዝገብ መያዝ፣ በሱቅ በር ማስታወቂያ መለጠፍ፣ በዕቃው ላይ አድራሻ መስፋት ወይም ማተም አይዘንጋ።

ስለ ዝግጅቶች ደግሞ ጥቂት እንበል። ንጉሥ ሚካኤል በደሴ ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስሙ «አይጠየፍ» ነው፤ ማንንም የማይንቅና የማይለይ ማለት ነው። የገበያ ዝግጅት ለሚያሰናዳ ሰው ከዚህ የተሻለ ምክር የለም። ወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ቅሬ የሚረዳዳበት፣ በአንድ ገበያ የሚገበያይበት ሀገር ነው። ዝግጅቱ በዓርብ የስግደት ሰዓት ወይም በሰንበት የቅዳሴ ሰዓት አይደረግ። በጾም ወቅት የሚቀመስ ነገር ቢቀርብ የጾም ይሁን። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን የሠሩትም ምርት በዚያው ጠረጴዛ ላይ ቦታ ያግኝ።

በአካባቢያችን ሰው በብዛት የሚያልፍበት ጊዜ የግሸን ደብረ ከርቤ ንግሥ ነው። መስቀል መስከረም 17 ይከበራል፤ ከአራት ቀን በኋላ መስከረም 21 ምእመናን ግማደ መስቀሉ ወዳለበት አምባ ይወጣሉ። ከአዲስ አበባ በዚህ መስመር የሚመጡት ኮምቦልቻንና ደሴን አልፈው ነው። የመንገዱ ሁኔታ በሚፈቅድበት ዓመት በመናኸሪያና በማረፊያ ቤቶች አካባቢ፣ ከከተማው አስተዳደር ፈቃድ አግኝቶ፣ ንጹሕ ጠረጴዛ መዘርጋት ይቻላል። ተሳላሚው ሲሄድ ዕቃ መሸከም ስለማይወድ ትንሽ ካርድ ይሰጠው፤ ሲመለስ ካርዱን ይዞ ቢመጣ ምራቂ እንዳለው ይነገረው። በሀገሩ ሆኖም በቴሌብር ከፍሎ እንዲያዝ አድራሻው በካርዱ ላይ ይኑር።

ነገር ግን ከቅጽረ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይህ አይደረግም። ጌታችን የለዋጮችን ገበታ የገለበጠበትን ምክንያት ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ደግሞም ማር ማር ነው፤ ጋቢም ጋቢ ነው። «ከግሸን የመጣ በረከት» ብሎ ዋጋ መጨመር ምእመንን ማታለል ነው።

በመጨረሻ ስለ ደብሩ ስም እንናገር። አንድ ገጽ የታቦቱን ስም ይዞ ስጦታ ቃል ገብቶ ባይፈጽም፣ ሰው «እገሌ ነጋዴ ዋሸ» አይልም፤ «ቤተ ክርስቲያን ዋሸች» ይላል። ያን ጊዜ የሚጠፋው የአንድ ጋቢ ዋጋ ሳይሆን ብዙ አባቶች የኖሩለት መታመን ነው። ስለዚህ የታቦቱ ስም፣ ሥዕሉና የሰበካ ጉባኤው ማኅተም በንግድ ስጦታ ላይ አይዋሉ፤ የደብሩ የባንክ ሒሳብም የሽያጭ ገንዘብ መቀበያ አይሁን። ቡድኑ በራሱ ስም፣ በራሱ ገጽ፣ በራሱ ሒሳብ ይሥራ። ደብሩ ሊያደርግ የሚችለው እነዚህ የአጥቢያችን ሠራተኞች መሆናቸውን ለጠየቀ መመስከር ነው፤ ይህም ራሱ ትልቅ ድጋፍ ነው።

ውጤቱንም በላይክ ብዛት አንመዝን። አንድ ሺህ ሰው ላይክ አድርጎ ማንም ባይገዛ እናቶቹ የሚካፈሉት ነገር የለም። ከማስታወቂያው በፊት በነበረው ወርና በኋላ በመጣው ወር ስንት ተሸጠ፣ ከገዙት ስንቱ ተመልሰው መጡ የሚለው በደብተር ይጻፍ።

እንግዲህ ከእናንተ የምንለምነው ሦስት ነገር ነው። የደብሩ ስም በንግድ ማስታወቂያ እንዳይውል ሰበካ ጉባኤያችሁ በቃለ ጉባኤ ይወስን። ከወጣቶች አንድ፣ ከእናቶች አንድ፣ ሒሳብ ከሚያውቁ አንድ ሆነው ስጦታ ከመታወጁ በፊት ደንቡንና ወጪውን የሚያዩ ሦስት ሰዎች ይመረጡ። ከመጪው በዓል አስቀድሞም እያንዳንዱ ቡድን በአንድ ምርት ብቻ ምራቂን ይሞክር፤ ውጤቱንም ጽፎ ያምጣ፤ ተቀምጠን አብረን እናየዋለን።

ወጣቶቹን በባዶ እጅ አንመልሳቸው፤ ያለ ምክርም አንስደዳቸው። ስፍሩን ሞልተው እንዲሰፍሩ እናስተምራቸው፤ ከዚያ በኋላ ይመርቁ። የእጃቸውን ሥራ እግዚአብሔር ይባርክልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።