መሐላና ፓርቲ



ሃይማኖት በፖለቲካ ውስጥ ስላለው ሥፍራ ለመናገር ሩቅ መሄድ አያሻንም፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ገበያ የሚውሉበት፣ የሸዋና የወሎ መገናኛ የሆነው ማጀቴ ይበቃናል።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ሲሻሩ ዋናው ክስ «ሰልመዋል» የሚል ነበር። መኳንንቱ ለአልጋ ወራሹ ምለው ስለ ነበር ከመሐላቸው የሚፈታቸው አስፈለገ፤ አቡነ ማቴዎስም ፈቷቸው። በወሩ፣ ጥቅምት 17 ቀን፣ ሸዋና ወሎ በሰገሌ ተላለቁ። የወሎን ጦር የመሩት የኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል ግን፣ ልብ በሉ፣ ከ1870 ጀምሮ ክርስቲያን ነበሩ። ኢያሱ ሃይማኖታቸውን በእርግጥ ስለ መለወጣቸው የታሪክ ሊቃውንት ዛሬም ይከራከራሉ። «አገሪቱን እንዴት አስተዳደሩ?» የሚለው ጥያቄ ግን በዚያ ክስ ተሸፍኖ ቀረ።

የዛሬው የፓርቲ ታማኝነት ከዚያ መሐላ ምን ያህል ይርቃል? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትንና ሃይማኖትን ለይቷል፤ የመራጩን ልብ ግን አንቀጽ አይደርስበትም። ተማርን የምንለው እኛ እንኳ የእጩውን ፕሮግራም ሳናነብ፣ ስሙን ብቻ አይተን «የእኛ ነው» ብለን ድምፅ ሰጥተናል። ማጀቴ ላይ ድምፅ ሊለምን የሚመጣ ሰው ስለ ግብርና ስለ መሬት እንዲጠየቅ የምንሻ ከሆነ፣ መጠየቁን በዚሁ በማኅበራችን ምርጫ እንጀምረው።